ኮድ ሳይጽፉ የኦፕን ሶርስ ዶክመንቴሽን ማረም፦ ከመጀመሪያው እንቅፋት ጀምሮ

የፕሮግራም ፋይሎች የሚቀመጡበትና በጋራ የሚታረሙበት ድረ ገጽ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በ2017 ባካሄደው የኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች) ዳሰሳ፣ መልስ ከሰጡት ሰዎች 93 በመቶው ያልተሟላ ወይም ጊዜው ያለፈበት ዶክመንቴሽን፣ ማለትም የአጠቃቀም መመሪያ፣ የተስፋፋ ችግር መሆኑን ተናግረው ነበር። በዚያው ዳሰሳ ከአበርካቾቹ 60 በመቶው ዶክመንቴሽን ላይ እምብዛም ወይም ጨርሶ እንደማይሠሩ ገልጸዋል። ሁሉም ያማርራል፣ እጁን የሚያስገባው ግን ጥቂት ነው።

ለዚህ ፕሮግራመሮችን በስንፍና መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ፕሮግራሙን በእጁ የሠራ ሰው የጀማሪውን እንቅፋት ማየት ይቸግረዋል። የሚያስፈልገው ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ ዓመታት አልፈዋል፤ የትኛው ፋይል የት እንዳለ እጁ ለምዶታል፤ «ፕሮጀክቱን አስነሱ» ብሎ ሲጽፍ በዚያች አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ አራት እርምጃዎች እንደተሸሸጉ አይታወቀውም። ድንጋዩ የት እንዳለ የሚያውቀው እግሩን የመታው ሰው ነው። ኮድ የማይጽፍ ሰው ለዶክመንቴሽን የሚያመጣው ትልቁ ነገርም ይኸው የአዲስ ሰው ዓይን ነው፤ ችግሩ ይህ ዓይን ቶሎ ይለምዳል። ያንኑ ፕሮግራም ለሦስተኛ ጊዜ ስትጭኑት እናንተም እንደ ሠሪው ድንጋዩን ሳታዩ ማለፍ ትጀምራላችሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን አይባክን። አዲስ ፕሮግራም ስትጭኑ ከጎኑ አንድ ባዶ ፋይል ክፈቱና መመሪያውን ከላይ ጀምራችሁ ቃል በቃል ተከተሉ። ያልተጻፈውን በግምት ሞልታችሁ ካለፋችሁ፣ የሞላችሁትን መዝግቡ፤ መታረም ያለበት ያ ቦታ ነው። በቆማችሁበት ሁሉ ገጹንና ዐረፍተ ነገሩን፣ ያደረጋችሁትን፣ የጠበቃችሁትንና የመጣውን ጻፉ። የስህተት መልእክቱን በስክሪንሾት ብቻ አትያዙት፤ ጽሑፉን ኮፒ አድርጉ፤ ነገ ያው መልእክት የገጠመው ሌላ ሰው ፈልጎ የሚያገኘው በጽሑፍ ሲሆን ነው። የኦፐሬቲንግ ሲስተማችሁንና የፕሮግራሙን ቨርዥን ቁጥር አትርሱ። መፍትሔውን ከሌላ ቦታ ፈልጋችሁ ካገኛችሁት የፈለጋችሁበትን ቃልም ያዙ። መመሪያው «ማዋቀሪያ» እያለ እናንተ «ሴቲንግ» ብላችሁ ከፈለጋችሁ፣ ብዙ ሰውም እንደዚያው ስለሚፈልግ ቃሉ ገጹ ላይ መግባት አለበት።

ደጋግመው የሚገኙት ጉድለቶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ቅድመ ሁኔታ ነው፦ መመሪያው ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ መጫን እንዳለበት ሳይናገር ይጀምራል፣ ወይም ይናገርና የትኛው ቨርዥን እንደሚያስፈልግ አይገልጽም። ሌላው ቦታ ነው፦ ተርሚናል ላይ (ኮምፒውተሩ በጽሑፍ በሚታዘዝበት መስኮት) የሚጻፈውን ትዕዛዝ ይሰጣል፣ በየትኛው ፎልደር ውስጥ ሆነን እንደምንጽፈው ግን አይነግረንም። ትክክለኛው ትዕዛዝ በሌላ ፎልደር ውስጥ ሲጻፍ «ፋይሉ የለም» የሚል መልስ ያመጣና ጀማሪው ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስለዋል። ከሁሉም የሚከፋው ግን እርምጃው መሳካቱን የሚያሳይ ምልክት አለመኖሩ ነው። ሦስተኛው እርምጃ ላይ የሳተ ሰው መሳቱን የሚያውቀው ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ከሆነ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ምክንያቱን ማግኘት ይከብደዋል፤ አብዛኛው ሰው ፕሮግራሙን ትቶት ይሄዳል።

አንድ ዐረፍተ ነገር ቀረብ አድርገን እንየው። እንዲህ የሚል መመሪያ ያልገጠመው የለም፦ «ከዚያ ማዋቀሪያውን እንደ ፍላጎትዎ ያስተካክሉ።» የትኛውን ፋይል? የት ያለውን? ካላስተካከልኩትስ? ሞክሮ ያየ ሰው እንዲህ ሊያርመው ይችላል፦ «በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ውስጥ ያለውን የማዋቀሪያ ፋይል በጽሑፍ ኤዲተር ይክፈቱ። ፖርት የሚለው መስመር ላይ ያለውን 8000 ወደ 8080 ይቀይሩ፤ 8000ን የያዘ ሌላ ፕሮግራም ከሌለ ይህን እርምጃ ይዝለሉት። ፋይሉን ሴቭ አድርገው ፕሮግራሙን እንደገና ያስነሱ። ተርሚናሉ ላይ በመጨረሻ በሚመጣው መስመር 8080ን ካዩ ተሳክቷል።» አንዱ ዐረፍተ ነገር አራት ሆነ። ይህን ለመጻፍ አንድም መስመር ኮድ ማንበብ አላስፈለገም፤ ያስፈለገው እያንዳንዱን እርምጃ በእጅ መሞከርና ስክሪኑ ላይ የመጣውን ማየት ነው።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችሁ መሆኑም እዚህ ያግዛል። ሁለት ጊዜ ያነበባችሁት ዐረፍተ ነገር ሌላውንም ያስቸግራል፤ ሰብሩት፣ ከአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት አድርጉት። «በቀላሉ»፣ «እንደሚታወቀው»፣ «ዝም ብላችሁ» የሚሉትን ቃላት ባገኛችሁበት አውጧቸው። ለቻለ ሰው ምንም አይጨምሩለትም፤ ያልቻለውን ደግሞ ያሸማቅቁታል።

ፋይሉ የት ነው?

ገጹን አገኛችሁ፣ የሚታረመውን አወቃችሁ። አሁን ገጹ የተሠራበትን ፋይል መፈለግ ነው። ቀላሉ መንገድ ገጹ ላይ ወይም ግርጌው ላይ «ይህን ገጽ አርም» የሚል ሊንክ መፈለግ ነው። የሞዚላ የድረ ገጽ ማጣቀሻ የሆነው ኤምዲኤን፣ ይዘቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ወደ ጊትሃብ ከተዛወረ ወዲህ ከየገጹ ግርጌ ወደ ምንጭ ፋይሉ የሚወስድ ሊንክ አለው። ሊንኩ ከሌለ ከገጹ ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ አምስት ስድስት ቃል ምረጡና በፕሮጀክቱ ማከማቻ፣ ማለትም ፋይሎቹ ሁሉ ባሉበት ቦታ፣ ውስጥ ፈልጉት። እዚያም ካጣችሁት ዶክመንቴሽኑ ለብቻው ሌላ ማከማቻ ይኖረው ይሆናል።

ከመንካታችሁ በፊት የምታጣሯቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዱ ገጽ በኮዱ ውስጥ ካሉ ማብራሪያዎች በማሽን የሚሠራ ነው፤ እሱን ብታርሙት ማሽኑ ገጹን እንደገና ሲሠራው ይጠፋል። ብዙ ጊዜ የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር «በእጅ አትንኩ» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ያኔ የሚታረመው ኮዱ ውስጥ ያለው ማብራሪያ ነው፣ እሱም ተራ ጽሑፍ ስለሆነ አያስፈራም። ሌላው ቨርዥን ነው። ያነበባችሁት የአሮጌ ቨርዥን ገጽ ከሆነ ስህተቱ በአዲሱ ታርሞ ሊሆን ስለሚችል ዋናውን ብራንች (አዲሱ ሥራ የሚገባበትን የፋይሎቹን ቅርንጫፍ) ክፈቱና ዐረፍተ ነገሩ እዚያ እንዳለ አረጋግጡ። ጊትሃብ ላይ የሚታየው ሁሉ እዚያ የሚሠራ አለመሆኑንም እወቁ። የሊነክስ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ጊትሃብ ላይ ቅጂ አለው፣ ለውጥ የሚቀበለው ግን በኢሜይል ነው፤ የሊነክስ ዴስክቶፕ የሆነው የግኖም ፕሮጀክቶች የሚሠሩት በራሳቸው የጊትላብ ሰርቨር ላይ ነው። የቢሮ ፕሮግራሙ ሊብሬኦፊስ ደግሞ የተጠቃሚ መጻሕፍቱን የሚያዘጋጀው በራሱ የጽሑፍ ማቀነባበሪያ በራይተር ነው፤ የጽሑፍ ማቀነባበሪያ ለለመደ ሰው ከዚያ የቀለለ መግቢያ አላውቅም።

በመጨረሻ «ኮንትሪቢዩቲንግ» የሚለውን ፋይል፣ ማለትም የአበርካቾችን መመሪያ፣ አንብቡ። ረጅም ከሆነ የዶክመንቴሽኑን ክፍል ብቻ። ከዚያ የኢሹ፣ ማለትም የተመዘገቡ ችግሮች፣ ዝርዝሩን «ዶክመንቴሽን» በሚለው ሌብል አጣርታችሁ ያው ነገር በሌላ ሰው መያዝ አለመያዙን እዩ።

ማርክዳውን ላይ የሚበላሸው

አብዛኛው ዶክመንቴሽን የሚጻፈው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣውና ተራ ጽሑፍን በምልክቶች ቅርጽ በሚሰጠው አጻጻፍ፣ በማርክዳውን ነው። የፓይተን ዶክመንቴሽን ሪስትራክቸርድቴክስት የሚባል ሌላ አጻጻፍ ይጠቀማል፤ እዚያ አንድ ቃል ለማረም አጻጻፉን መማር አያስፈልግም፣ በዙሪያው ያሉትን ምልክቶች አለመንካት ይበቃል። ማርክዳውንን መልመድ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፦ # ርዕስ ያወጣል፣ - ዝርዝር ይጀምራል፣ [የሚታየው ጽሑፍ](አድራሻው) ሊንክ ይሆናል፣ በሦስት ባክቲክ ``` የታጠረ ነገር ሁሉ እንደተጻፈ ይታያል። ባክቲክ በብዙ ኪቦርድ ላይ ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለው ምልክት ነው።

የሚያስቸግሩት ትንንሾቹ ናቸው። ከ# ቀጥሎ ክፍት ቦታ ካልተተወ ርዕሱ ርዕስ ሆኖ አይወጣም። ከአንቀጽ በታች የሚጀምር ዝርዝር ከላዩ ባዶ መስመር ካልተተወለት በአንዳንድ ሲስተም ከአንቀጹ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በቁጥር ዝርዝር መሐል የሚገባ ኮድ ሦስት ክፍት ቦታ ወደ ውስጥ ካልገባ ዝርዝሩን ይቆርጠዋል፤ ቀጣዩ እርምጃ በአንዳንድ ሲስተም እንደገና ከ1 ይቆጠራል። ኤዲተር ከየመስመሩ መጨረሻ ክፍት ቦታ እየለቀመ የሚሰርዝ ከሆነም ተጠንቀቁ፤ በማርክዳውን በመስመር መጨረሻ ያሉ ሁለት ክፍት ቦታዎች መስመር ይሰብራሉ።

ትዕዛዝ የያዘን ጽሑፍ በቢሮ የጽሑፍ ማቀነባበሪያ ፈጽሞ አታዘጋጁ። ማቀነባበሪያው ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት " ሳይነግራችሁ ወደ ተጠማዘዘው “ ይቀይረዋል፤ ሁለት ሰረዝ -- ደግሞ አንድ ረጅም ሰረዝ — ይሆናል። በዓይን ሲታይ ልዩነቱ ጎልቶ አይታይም። ለተርሚናል ግን የተጠማዘዘው ጥቅስ ተራ ፊደል ስለሆነ ጥቅሱ እንደተከፈተ አይቆጥርም፤ በመሐሉ ያለው ክፍት ቦታ ትዕዛዙን ይከፍለዋል፣ አንባቢውም ኮፒ አድርጎ ሲለጥፈው የማይገባው ስህተት ይመጣበታል። በአንጻሩ ይህን ስህተት አሮጌ ገጽ ላይ ማደን ለጀማሪ የተመቸ ሥራ ነው፦ የተጠማዘዙትን ጥቅሶች በፋይሉ ውስጥ ፈልጉ፣ ኮድ ውስጥ ያሉትን ብቻ ወደ ቀጥተኛው መልሱ። ከትዕዛዝ ፊት የሚቀመጠው የ$ ምልክትም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። «እዚህ ጻፉ» ለማለት የተቀመጠ ነው፤ ጀማሪው ግን አብሮ ኮፒ ያደርገውና «እንዲህ ያለ ትዕዛዝ አላውቅም» የሚል መልስ ያገኛል።

ርዕስ ስትቀይሩም አስቡበት። ብዙ ሲስተም የክፍሉን ሊንክ የሚሠራው ከርዕሱ ቃላት ስለሆነ፣ አንድ ቃል ስትለውጡ ወደዚያ ክፍል ከሌላ ገጽ የሚመጡት ሊንኮች ሁሉ ክፍሉን ይስታሉ። የድሮውን ርዕስ በማከማቻው ውስጥ ፈልጋችሁ የሚጠሩትን ገጾች አብራችሁ አርሙ። ስክሪንሾት የምታስገቡ ከሆነ የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ቁረጡ፣ ስማችሁና ኢሜይላችሁ እንዳይገባ እዩ፣ ምስሉን ለማያይ ሰው የሚነበብ መግለጫ በ![መግለጫ](የፋይሉ አድራሻ) ጻፉ። በእኔ ግምት ግን ስክሪንሾት መጨረሻ ላይ የሚመጣ አማራጭ ነው፤ አንድ በተን ቦታ በቀየረ ቁጥር ያረጃል፣ የሚያድሰውም ሰው አይገኝም።

በብሮውዘር ብቻ መላክ

ኮምፒውተራችሁ ላይ ምንም መጫን አያስፈልግም። የጊትሃብ አካውንት ስታወጡ፣ ከሁሉ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ኢሜይልን የሚደብቀውን አማራጭ አብሩት፤ በኮሚት፣ ማለትም በተመዘገበ ለውጥ፣ ላይ የተጻፈ አድራሻ በፕሮጀክቱ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ለሁሉም እየታየ ይቀራል። ከዚያ ፋይሉን ክፈቱና የእርሳስ ምልክቱን ተጫኑ። በማከማቻው ላይ የመጻፍ ፈቃድ ስለሌላችሁ ጊትሃብ ፎርክ፣ ማለትም የራሳችሁ ቅጂ እንድታወጡ ያደርጋችኋል። አርማችሁ ስትጨርሱ «ፕሪቪው» የሚለውን ታብ ተጭናችሁ ገጹ እንዴት እንደሚታይ እዩ።

የኮሚት ርዕሱ ከ50 ፊደል ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ ምን እንደተለወጠም ይናገር። «ፋይሉን አሻሻልኩ» ምንም አይነግርም፤ «በመጫኛው ገጽ ላይ የጎደለውን ፎልደር ጨምር» ይነግራል። «ፕሮፖዝ ቼንጅስ» ስትሉ የወጣው በቀይ፣ የገባው በአረንጓዴ ይመጣላችኋል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ ቃል ለውጣችሁ ፋይሉ በሙሉ ቀይና አረንጓዴ ከሆነ፣ የሆነ ቦታ የመስመር መጨረሻ ምልክቶቹ ተቀይረዋል ማለት ነው፤ ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ አርሞ መልሶ የሚሰቅል ሰው ይህ ይገጥመዋል። እንዲህ ሆኖ የተላከን ማንም ሊገመግመው ስለማይችል ተዉትና ብሮውዘር ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አርሙ።

ደህና ከሆነ ፑል ሪኩዌስቱን፣ ማለትም «ለውጤን ተቀበሉ» የሚለውን ጥያቄ፣ ክፈቱ። መግለጫው ላይ ሦስት ነገር ይበቃል፦ ምን ተለወጠ፣ ለምን፣ በየትኛው ሲስተምና ቨርዥን ሞከራችሁት። ኢሹ ካለው የእንግሊዝኛውን «ፊክስ» ከኢሹ ቁጥሩ አስቀድሙ፤ ለውጡ ወደ ዋናው ብራንች ሲገባ ኢሹው በራሱ ይዘጋል። አንድ ፑል ሪኩዌስት አንድ ነገር ብቻ ይያዝ። የፊደል ስህተት፣ የተሰበረ ሊንክና አዲስ አንቀጽ አንድ ላይ ከላካችሁ አንቀጹ ላይ የሚነሳ ክርክር የፊደሉን እርማት ለሳምንታት ያስይዘዋል።

ከላካችሁ በኋላ አውቶማቲክ ፍተሻዎች ይነሳሉ። ቀይ ምልክት ሲመጣ የወደቀውን ፍተሻ ዝርዝር ክፈቱና የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ፤ ሊንክ መርማሪው እናንተ ያልነካችሁት ሊንክ ተሰብሮ አግኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን በትሕትና መግለጽ ይበቃል። አንዳንድ ፕሮጀክት የአበርካች ስምምነት እንድትፈርሙ የሚጠይቅ ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ አለው። ሌሎች ደግሞ በኮሚቱ መልእክት መጨረሻ ላይ «ሳይንድ ኦፍ ባይ» የሚል መስመር ከስምና ከኢሜይል ጋር ይፈልጋሉ፤ ጽሑፉን የማበርከት መብት አለኝ የሚል ማረጋገጫ ነው። ሁለቱም በተጠየቁበት ቦታ ካልተሟሉ ለውጡ አይገባም።

ግምገማው

ሜንቴይነሮች፣ ማለትም ፕሮጀክቱን የሚንከባከቡት ሰዎች፣ እርማት ሲጠይቁ ጀማሪው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ተመልሶ ዋናው ፋይል ላይ ያለውን እርሳስ ይጫናል። ያኔ ጊትሃብ «ፓች 2» በሚል ስም አዲስ ብራንች ይከፍትና ሁለተኛ ፑል ሪኩዌስት ይፈጠራል፤ የመጀመሪያው እንዳለ ይቆያል። ትክክለኛው መንገድ በራሳችሁ ፎርክ ውስጥ ያንኑ የመጀመሪያውን ብራንች፣ ብዙ ጊዜ «ፓች 1» የሚለውን፣ ከፍቶ እዚያ ማረም ነው፤ ፑል ሪኩዌስቱ በራሱ ይታደሳል። ገምጋሚው የሚተካውን ቃል ራሱ ጽፎ ካስቀመጠላችሁ ደግሞ «ኮሚት ሰጀስሽን» የሚለውን መጫን ብቻ ነው።

መልስ ሊዘገይ ይችላል፤ ብዙዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ናቸው። ሁለት ሳምንት ካለፈ አንድ አጭር ማስታወሻ ተገቢ ነው። ለዚህ ትዕግሥት የሚያስፈልግበት ምክንያትም አለ። በየዓመቱ ጥቅምት ወር የሚካሄደው ሃክቶበርፌስት ለፑል ሪኩዌስት ቲሸርት ይሸልም በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሪድሚ በሚባሉት የፕሮጀክት መግቢያ ፋይሎች ላይ ትርጉም የሌለው ቃል የሚጨምሩ ለውጦች ስለጎረፉ፣ ውድድሩ ፈቅደው የገቡ ፕሮጀክቶችን ብቻ እንዲያካትት ደንቡ በዚያው ወር ተቀየረ። ያን ያጸዱት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተጽፎ ያልተሞከረ መመሪያ ዛሬ ተመሳሳይ ሸክም ይጥልባቸዋል፤ አረፍተ ነገሩ ያምራል፣ የሚለው በተን ግን ፕሮግራሙ ላይ የለም። ያልሞከራችሁትን እርምጃ አትላኩ። ከሌላ ድረ ገጽ የተቀዳ አንቀጽም አትላኩ፤ ዶክመንቴሽን የራሱ ላይሰንስ፣ ማለትም የአጠቃቀም ፈቃድ፣ አለው፣ የኤምዲኤን ጽሑፍ ለምሳሌ በክሪየቲቭ ኮመንስ ሥር ነው፤ ሁለት ላይሰንስ ሁልጊዜ አይስማማም።

ሦስት አራት ትንሽ እርማት ከገባላችሁ በኋላ ገጽ በሙሉ ማደስ ትችላላችሁ። ያኔ ዲያታክሲስ የሚባለው አከፋፈል ይረዳል። ዶክመንቴሽንን በአራት ይከፍለዋል፦ ጀማሪን እጁን ይዞ የሚያስተምር፣ አንድ የታወቀ ሥራ የሚያስፈጽም፣ እንደ መዝገበ ቃላት የሚጠየቅ ማጣቀሻ፣ «ለምን» የሚለውን የሚያብራራ። ግራ የሚያጋባ ገጽ ስታገኙ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ተደባልቀውበታል፤ በመጫኛው መሐል ሦስት አንቀጽ ታሪክና ምክንያት ገብቷል። አንቀጾቹን ወደ ማብራሪያው ገጽ አዛውሩና በቦታቸው አንድ ሊንክ ተዉ። እንዲህ ያለውን ለውጥ ግን ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ኢሹ ክፈቱ፣ ያሰባችሁትን በአምስት መስመር ጻፉ፣ «ቀጥሉ» ሲሏችሁ ሥሩ።

ለውጡ መርጅ ከተደረገ፣ ማለትም ወደ ዋናው ብራንች ከገባ፣ በኋላ ድረ ገጹን ክፈቱና እዩት። ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ አንዳንድ ፕሮጀክት ገጹን የሚገነባው በቀን አንዴ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ አዲስ ቨርዥን እስኪወጣ «ሌተስት» (የቅርቡ) በሚለው ሥር ብቻ ያሳየዋል። ሲታይ ትዕዛዙን ከገጹ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ተርሚናል ላይ ለጥፉት። ከሠራ በመጀመሪያው ቀን ማስታወሻችሁ ላይ ያን መስመር ሰርዙና ወደሚቀጥለው ውረዱ።